«13 ሰዓት ነው፣ ያው ነው»

አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፈው።

እናቴ ባለፈው ወር ከፍኖተ ሰላም ተነስታ ዋሽንግተን ያለችውን እህቴን ልትጠይቅ ሄደች። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ትኬት ስቆርጥ ሻጩን ልጅ ደጋግሜ ጠየቅሁት። «ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» «13 ሰዓት።» «መሄጃውም መመለሻውም?» «ያው ነው፣ ርቀቱ አንድ አይደል?» ዓይኑን ከስልኩ እንኳ አላነሳም።

ትኬቱን አይቼ ልደምር ብል የባሰ ግራ ገባኝ። ማታ 4 ሰዓት ተነስቶ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል ይላል። 10 ሰዓት ይመስላል! ለካ መነሻው በእኛ ሰዓት፣ መድረሻው በእነሱ ሰዓት ነው። እነሱ ደግሞ በዚህ ወቅት 7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው።

የደም ግፊት ክኒኗን በ13 ሰዓቱ ሒሳብ ለሁለት ጠቀለልኩላት። ማንበብ ስለማትችል አንዱን በቀይ ክር፣ አንዱን በነጭ ክር አሰርኩት። «ቀዩን ስትነሺ፣ ነጩን ስትደርሺ ዋጪ» አልኳት።

አውሮፕላኑ አረፈ። ደረስኩ ብላ ነጩን ክር ፈታች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የዳቦ ቆሎ ፌስታሏን ይዛ በሩ ጋ ቆመች። አስተናጋጇ «እማማ፣ ደብሊን ነን፤ ነዳጅ ልንቀዳ ነው፣ ይቀመጡ» አለቻት። እናቴ የአየርላንዷን ደብሊን በምን ታውቃለች? ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። «ሌላ አገር የሚሄደው ላይ ወጥቼ ነው ብዬ ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳልኩ» አለችኝ። ስሰማው እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ እኔው አጣራሁ። ርቀቱ እውነትም አንድ ነው፣ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር። ሰዓቱ ግን ሌላ ነው። ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ፣ ከቦሌ ወደዚያ ማረፊያው ተጨምሮ ከ16 ሰዓት በላይ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ሰውና ዕቃውን ጭኖ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀንሶ ይነሳና መንገድ ላይ ይቀዳል። እላይ ያለው ነፋስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲመጣ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ይገትረዋል። ጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ከዘጌ ባሕር ዳር መንገዱ ያው ነው፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ክንድ ይዝላል።

ይሄን መናገር ምን ይከብዳል? «መንገድ ላይ አንዴ ያርፋል፣ እንዳይወርዱ» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በዚያ በር በየቀኑ የስንቱ እናት ያልፋል!

መመለሻዋ ጥቅምት ላይ ነው። ደውዬ ራሴ ነገርኳት፤ 13 ሰዓት፣ ማረፊያ የለም፣ ሲያርፍ ቦሌ ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።