የቆሮሶ ሆድ ዕቃ እየተጣለ «ናሙና የለም» አይባልም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ በተካሄደ የምርምር በጀት ውይይት አንድ ኃላፊ የወጣት ተመራማሪዎችን ጥያቄ ውድቅ ሲያደርጉ «የቆሽት ለጋሽ በሌለበት አገር ስለ ደሴት ሕዋሳት ንቅለ ተከላ መመራመር ቅንጦት ነው፤ ናሙናውስ ከየት ሊመጣ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ወጣቶቹ የጠየቁት ደሴቶቹን የሚፈትሽ አነስተኛ መሣሪያ ነበር፤ ደሴት የሚባሉት በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩ የሕዋስ እንክብሎች ሲሆኑ፣ ንቅለ ተከላውም እነዚህን ከለጋሽ ወስዶ ለስኳር ሕመምተኛ መስጠት ነው። ዘጌ ያለችው የእኅቴ ልጅ ኢንሱሊኗን የምታስቀምጠው በእርጥብ አሸዋ በተከበበች ገንቦ ውስጥ ነው፤ ከመርፌ የሚገላግላትን መንገድ መፈለግ ቅንጦት የሚባለው በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ ነው?

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን የናሙናው ነገር ነው። ናሙናው በየማለዳው አሣ በሚበለትበት የጣና ዳርቻ ይጣላል። በሰው ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን አመንጪዎቹ ደሴቶች በሌላው ሥጋ መካከል ተበታትነው ስለሚገኙ በኢንዛይም አላልቶ መለየት ግድ ይላል፤ ቆሮሶ በሚባለው አሣ ግን የብሮክማን አካል የሚባሉ ለብቻቸው የቆሙ እንክብሎች ስለሆኑ ያለዚህ ሁሉ ድካም በመቀስ ተለቅመው ይወጣሉ። በካናዳዋ ሃሊፋክስ ከተማ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች እነዚህኑ የቆሮሶ ደሴቶች የስኳር ሕመም እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ላይ ተክለው የደም ስኳራቸውን ወደ ልኩ መልሰዋል። የአሣው ኢንሱሊን ከሰው እንደሚለይ አውቃለሁ፤ መሣሪያ ለመሥራትና እጅ ለማፍታታት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ወጣቶቹ የጠየቁት ማይክሮፍሉዲክ መሣሪያም (ጥቂት ፈሳሽ በቀጫጭን ቦዮች እያሳለፈ የሚፈትሽ) መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው። የሲሊኮን ጎማ በቅርጽ ማውጫ ላይ ፈስሶ ሲረጋ ተልጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮቹ መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ብዙ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ይለቀቃል። ጤነኛ ደሴት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኢንሱሊኑን ገንፍሎ ይለቅና ከዚያ ረጋ ብሎ ይቀጥላል፤ የተጎዳው ይህን ሥርዓት ያጣል። በብልቃጥ ውስጥ በሚደረገው የተለመደ ፍተሻ ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚደመር ይህ ልዩነት ይሰወራል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በካናዳዋ ኤድመንተን ከተማ ደሴት ተተክሎላቸው ኢንሱሊን መወጋት ያቆሙት 7 ታካሚዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ለጋሽ አስፈልጓቸው ነበር፤ ለጋሽ እንዲህ ብርቅ ከሆነ፣ በንቅለ ተከላው ወደ ታካሚው ጉበት የሚገባውን ደሴት አስቀድሞ መፈተሽ ከማንም ይልቅ ለጋሽ ለሌለው አገር ይበጃል።

ስለዚህ ውድቅ የተደረገው ጥያቄ እንደገና ይታይ። ኃላፊውም ከመወሰናቸው በፊት አንድ ጠዋት ወደ ዳርቻው ይውረዱ፤ የለም ያሉትን ናሙና ውሻና አሞራ ሲሻሙበት በዓይናቸው ያዩታል።