ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከቦቴ

ገና ሲቃረብ ከበጉና ከቅቤው ዋጋ ቀጥሎ የሚወራው የመጽሐፍ መጀመሪያ ሆኗል። ከአዲስ አበባ ዳር ኮንዶሚኒየሞች ኮዬ ፈጬ በሉት ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ በሉት ጀሞ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቡናው ሊቆላ ሲል አንዱ ስልኩን መዥረጥ ያደርግና «እኔ የምወደው መጽሐፍ እንዲህ ብሎ ይጀምራል» ይላል። ከዚያ ተራ በተራ ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው የማን መጽሐፍ እንደሆነ ይገምታል። ጨዋታው ደግ ነው፤ ከሐሜት ይሻላል፣ ከካርታም ይረክሳል። የሚያናድደው አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንገቱን አስግጎ «አንብበው የማይጠግቡት፣ ልብ አንጠልጣይ…» ሲል ነው። ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጀርባው ሽፋን ነው!

ሲታረም ደግሞ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»። ይህች ተረት ስንቱን አስመለጠች! የተተረተችው ሜዳ ላይ ሩሯን አሳድዳለሁ ብሎ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ላጮለ አሽከር ነው። ሽፋን ለሚያነብ ሰው አልተተረተችም። ቅልጥም ይድናል።

እርግጥ የአማርኛ መጽሐፍ መጀመሪያው የት እንደሆነ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሽፋኑን ስትገልጡ ታሪኩ አይቀበላችሁም። መታሰቢያነቱ አለ፤ ምስጋና አለ (እዚያ ውስጥ ረቂቁን የተየበችው ልጅ፣ ገንዘብ ያበደረው አጎት፣ በሐሳብ ያልተለየው ጎረቤት አሉ)፤ መቅድም አለ፤ የሌላ ደራሲ አስተያየት አለ፤ ከዚያ ደግሞ መግቢያ። ምዕራፍ አንድ ብቅ የሚለው ሰው ከደከመው በኋላ ነው። ለጨዋታው የሚቆጠረው ግን እሱ ነው፤ ከምዕራፍ አንድ የመጀመሪያ ቃል እስከ መጀመሪያው አራት ነጥብ። ነጠላ ሰረዝ አያስቆምም፤ ድርብ ሰረዝም አያስቆምም።

ለምን ቢባል አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያመጣው በመጨረሻ ነው። «ሰውየው ገበያ ወጥቶ፣ በግ ገዝቶ፣ በጉን እየጎተተ ደጁ ሲደርስ፣ ሚስቱን ጠርቶ…» ብሎ ትንፋሽ ያጠረው አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም በጉም ሰውየውም ደጅ ቆመው ይቀራሉ። የድሮ ደራሲዎች ደግሞ አንዱን ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ያስኬዱታል። ስለዚህ ጮክ ተብሎ ከመነበቡ በፊት ሁለት ጊዜ በልብ ይነበባል። ትንፋሽ የሚወሰደው ነጠላ ሰረዝ ላይ ሲሆን ድምፅ ግን እዚያ አይወርድም፤ ድምፅ የሚወርደው አራት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። አራት ነጥብ ላይ ያልወረደ ድምፅ አድማጩን «እሺ፣ ከዚያስ?» ያሰኛል። ነጠላ ሰረዝ ላይ የወረደ ደግሞ ቡና የምትቆላዋን «አለቀ?» ያሰኛል።

የብራና ጸሐፊዎች ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብለው በቀይ ቀለም ይጀምራሉ፤ ቀጣዩም መጽሐፍ እንደዚያው፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ይህን ይዞ «የማን መጽሐፍ ነው?» ጨዋታ ቢጫወቱ ኖሮ እስካሁን አሸናፊ ባልተገኘ። የመጀመሪያው መስመር ማማተቢያ ነበር እንጂ ማስታወቂያ አልነበረም። ደብዳቤውም «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ» ነበር፤ ተረቱም «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት»። አዲስ አጀማመር የማምጣት ዕዳ ደራሲ ትከሻ ላይ የወደቀው ልብ ወለድ ከመጣ ወዲህ ነው። እሱም የመጀመሪያው በ1900 ዓ.ም. ሮም ስለታተመ ገና ከመነሻው ከእኛ ሰፈር ርቆ ነው የተጀመረው።

ለገና የሚስማማ መጀመሪያ የሚፈልግ ሰው አራቱን ወንጌላውያን ቢያወዳድር ጥሩ ነበር። 2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነው፤ ማርቆስ ግን «የእግዚአብሔር ልጅ የኢየሱስ ክርስቶስ ወንጌል መጀመሪያ» ብሎ ይነሳና በቀጥታ ዮርዳኖስ ይወርዳል። ግርግም የለ፣ እረኛ የለ፣ ሰብአ ሰገል የለ። ማቴዎስ በትውልድ ቆጠራ ይከፍታል፤ «ወለደ፣ ወለደ» ሲባል ሕፃናቱ ወደ ኮሪደር ይወጣሉ። ሉቃስ «የከበርህ ቴዎፍሎስ ሆይ» እያለ እንደ ማመልከቻ ነው የሚገባው። ዮሐንስ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ሲል ግማሹ ሰው «ኦሪት ዘፍጥረት!» ብሎ ይጮሃል። ተሳስቷል፤ ዘፍጥረት «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ነው። ዮሐንስ እኮ በዓሉንም ቢሆን አይተወውም። በእሱ ዘመን ገና ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ 28 ይውላል፤ በ2016 እንደሆነው፣ በ2020ም እንደሚሆነው። የዚያን ዓመት በግ አንድ ቀን ዕድሜ ያጣል።

መቼም «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ያወጣ ሰው ይባረክ። ለዚህ ጨዋታ መክፈቻ የተሠራ ይመስላል። ከተማ ዳር ግን የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ከጥሩ የተባለው ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ሰው በሚተኛበት ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያስነፍሳል፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ነገር ይተፋል፣ ሊጠራ ነው ሲባል ያቆማል። ምዕራፍ አንድን ጀምሮ እንደተወው ደራሲ ማለት ነው። ከዚያ ቦቴ ይጠበቃል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በሁለት እጅ 40፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ። ይህ ሁሉ በዋዜማ፣ ዶሮዋ በሎሚና በጨው እየታሸች ውሃው እስኪጠራ በምትታጠብበት ቀን! ዶሮ ደግሞ «ይበቃል፣ ዘንድሮ ደርቄ ልወጠወጥ» አትልም። ሰው ቤት ሰጥቶ ውሃ መንሳት ሽፋን አትሞ ገጹን ባዶ መተው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ወር ጠብቆ ቢል መላክ የሚያስቅ ሳይሆን የሚያሳፍር ነው።

ስለ ባዶ ገጽ ካነሳን የመጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ቀድማ የምትጠፋበት ምክንያት አለ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ መጽሐፍ ሽፋኑ በተገለጠ ቁጥር የመጀመሪያዋን ቅጠል ይዟት ይሳባል። ሙጫው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቅጠሏ ትላቀቃለች፣ የቆሎ መጠቅለያ ትሆናለች። በክር የተሰፋው ይሻላል። ተውሶ የሚወስደው ሰው ደግሞ ሽፋኑን ወደ ኋላ አጥፎ በአንድ እጁ ካላነበበ ያነበበ አይመስለውም። ሲመልስ (ከመለሰ) «ገጽ 1 የት ሄደ?» ቢባል «ድሮም አልነበረም» ይላል። ከእሱ የባሰው ገጹን በስልክ እያነሳ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ላይ የሚለቅቀው ነው። ደራሲው ማተሚያ ቤት ለመክፈል ተበድሯል፤ እሱ በነፃ በትኖ «ለንባብ ባህል ብዬ ነው» ይላል። ለንባብ ባህል! የጎረቤትን በግ አርዶ ለቅርጫ ባህል ብዬ ነው እንደማለት። እዚህ ላይ የገና ጨዋታም ቢሆን ይቆጡታል።

ቅርጫውን ካነሳን ሥርዓት ያለው እሱ ነው። በሬው ታርዶ በመደብ ሲከፋፈል ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም በየመደቡ ይደረጋል፤ ዕጣ ይወጣል፤ ሁሉም የደረሰውን ያነሳል። «ሽንጡን ብቻ ስጡኝ» የሚል ሰው በሚቀጥለው በዓል አይጠራም። የመጽሐፍ ሽንጡ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጨጓራው መካከል ላይ፣ ገጽ 140 አካባቢ ነው። በየቤቱ እየዞረ የሚነበበው ግን ሽንጡ ብቻ ነው። «መጨረሻው ምን ሆነ?» ሲባል «አላስታውስም፣ ቆይቷል» ይባላል። ገና ማክሰኞ የገዛውን!

ብቻ ጨዋታው ከቀጠለ በወጉ ይሁን። ስድስት ሰው ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። ዓረፍተ ነገሩ ከመጽሐፉ ላይ በቁራጭ ወረቀት ይገለበጥ፤ ከስልክ ሲነበብ መሀል ላይ «የት ደረሳችሁ?» የሚል መልእክት ይገባና አብሮ ይነበባል። የባለታሪኩ ስም ካለበት በ«እገሌ» ይተካ፤ አለዚያ ግምት የለም። ፍቅር እስከ መቃብርን አንድ ሰው ብቻ ያምጣ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ሁሉም የእሱን ድምፅ ካልወሰድኩ ይላል፣ ድምፁ ግን ለማንም አልወጣለትም። የገመተ ሰው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዲጠየቅ ይደረግ፤ ያኔ ማን እንዳነበበ ይለያል። ሰዓቱ ቡናው ከሚቆላበት እስከሚወቀጥበት ነው፤ ሙቀጫ ከተነሳ የሚሰማ የለም። አቦል ከተቀዳ ደግሞ ሁሉም ተናጋሪ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ፣ ወረቀቱ ተገልብጦ፣ ሕፃናቱ ዝም ተሰኝተው፣ አንባቢው ነጠላ ሰረዙን በትክክል ተንፍሶ፣ ድምፁን ሳያወርድ ወደ ማሰሪያ አንቀጹ ሲቃረብ፣ ከታች ከግቢው አንዲት ሴት «ቦቴ መጣ!» ብላ