የልጅ ልደት በልጅ ልክ

እናንት የጎጃም እናቶች፣ እናንት አባቶችም ስሙኝ።

የአምስት ዓመት ልጃችሁን ፀጉር ቤት ወስዳችሁ ከካስክ ሥር ታስቀምጣላችሁ። ፀጉሯን በሪላክሰር ታስለሰልሳላችሁ፤ ጥፍሯ ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር በሙጫ ታስለጥፋላችሁ፤ እጇን በጥቁር ሂና ታስጌጣላችሁ፤ ዓይኗን ትኳላላችሁ። በማግስቱ ፊኛ በሞላበት አዳራሽ አቁማችኋት «ልዕልት መሰለች» ትላላችሁ። ልጅቱ ግን ራሷን ያቃጥላታል፤ በተለጠፈው ጥፍር ምክንያት ኬኳን እንኳ በወጉ መያዝ አልቻለችም። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን፣ ከዳንግላ እስከ ቢቸና ነገሩ እንደ ወግ እየተቆጠረ ነው፤ ተዉ የሚል ጠፋ። እኔ ተዉ እላለሁ።

ልጅን ማስዋብ የእናት ደስታ ነው። የጎጃም ልጃገረድ እንግጫ ነቅላ ጎንጉና አዲሱን ዓመት የምትቀበለው አጊጣ ነው። ጥፋታችን ለአዋቂ የተሠራውን ሁሉ በልጅ ገላ ላይ መጫናችን ነው። የልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦዋ ጠባብ ነው፤ እጇ ከዓይኗና ከአፏ አይለይም። ልደት ስታሰናዱ ከዚህ ተነሡ።

ከፀጉሩ ልጀምር፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነውና። የሪላክሰር ጉልበት የሚመጣው ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ የሚከፈትበት ቅመም ማለት ነው። «ለልጆች» ተብሎ በሥዕል አጊጦ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሠራ ነው፤ እሱም ያቃጥላል። ሁለቱም ፀጉሩን የሚያለሰልሱት ውስጡን ፈትተው ነው፤ የራስ ቆዳ ላይ ከቆዩም ቆዳውን ይፈቱታል። ያን ዕለት ሹሩባ ተፈትቶ ከሆነ፣ በማበጠሪያ ተጭሮ ከሆነ፣ ቆረቆር ወይም ቁስል ካለ ደግሞ ቅመሙ በቀጥታ ወደ ሥጋው ይዘልቃል። ልጅ «አቃጠለኝ» ስትል «ትንሽ ቻይው፣ ደቂቃው አልሞላም» የምትሉ እናቶች፣ ያ ቃል ልጁን ያቆስላል። አቃጠለኝ ባለች ቅጽበት በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ይጀመር፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይፍሰስ። ዓይኗ ውስጥ ከገባም እንዲሁ ነው፤ ሽፋሽፍቷን ከፍታችሁ፣ ውኃው ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ ራሷን አዘንብላችሁ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ሐኪም። ዕቃውንም ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት። ክሬም ይመስላልና ትንንሽ ልጆች ይቀምሱታል፤ ጉሮሮንና የምግብ ቱቦን ያቃጥላል። የዋጠች ልጅ እንድታስመልስ አታድርጉ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥላልና። አፏን አጉመጥምጣችሁ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ፀጉር መተኮሻው ፒያስትራም ያው ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውኃ የልጅን ቆዳ በሰከንዶች ያቃጥላል፤ የፒያስትራ ብረት ግን 200 ዲግሪ ይደርሳል። ልጅ ደግሞ ዝም ብላ አትቀመጥም። ጆሮዋን ወይም አንገቷን ቢነካት ቡሆ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ሙቀቱን አፍነው ያቆዩታል። 20 ደቂቃ ከቧንቧ ሥር ያዙት።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ሹሩባ ይበቃታል፤ ሹሩባም ልክ አለው። ግንባሯ ላይ ያለው ቆዳ ከተወጠረ፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ከተሳበ፣ በፀጉሯ ጫፍ ጫፍ ትንንሽ እብጠት ከወጣ፣ ወይም ራሴን አመመኝ ካለች ጠብቋል። እንዲህ ዓመት ለዓመት የሚወጠር ፀጉር ከግንባር እየሸሸ ይሄዳል፤ ሥሩ ጠባሳ ከሆነ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ የልደቷ ዋዜማ ማታ አታሠሯት። ሁለት ቀን አስቀድሙ፤ ከጠበቀ ለመፍታት ጊዜ ይኖራችኋል። ፀጉሩ ደርቆ ሳለ አይጎንጎን፤ ረጥቦ፣ ቅቤ ወይም ቅባት ነክቶት፣ ከጫፍ ወደ ሥር በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ተፈትቶ ይሁን። ከግንባር ያለው ስስ ፀጉር ላላ ይበል። ከባድ ዶቃና ተቀጥላ ፀጉር ለአምስት ዓመት አንገት አይሆንም። ከሁለት ሳምንት በላይም አታቆዩት።

ሂናውን በሚመለከት ሻጮቹ የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ንጹሕ የሂና ቅጠል ጥቁር ቀለም የለውም። ዱቄቱ አረንጓዴ ነው፤ እጅ ላይ ለሰዓታት መቆየት አለበት፤ ሲነሣ ብርቱካናማ ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቡናማ ቀይ ይደምናል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥቁር የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የፀጉር ማጥቆሪያ ቅመም፣ ፓራፊኒሊንዳያሚን የሚባለው፣ የተቀላቀለበት ነው። እሱ ለፀጉር ተመጥኖ የተሠራ እንጂ ቆዳ ላይ እንዲደርቅ የሚተው አይደለም። ማሳከኩና ውኃ መቋጠሩ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ይዘገያል። እናት «ኬኩ ነው» ወይም «ትንኝ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ቁስሉ ሲድን የአበባው ሥዕል ጠባሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሰውነቷ ቅመሙን አንዴ ከጠላ ዕድሜ ልኳን እንደጠላው መኖሩ ነው። ሃያ ዓመት ቆይታ ፀጉሯን ቀለም ስትቀባ ፊቷ ያብጣል፤ ምክንያቱን ማን ያስታውሰዋል? በጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ንጹሑንም ሂና አታድርጉ፤ ጂሲክስፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ፤ ሂና ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ሊያፈርስባቸው ይችላል።

ለመሆኑ እንሶስላን ምን አስረሳን? አያቶቻችን ሥሩን ቆፍረው፣ አጥበው፣ ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበት ነበር። ተክል ስለሆነ ብቻ ግን አትመኑት፤ ጥቁሩን ሂና ጭራሽ ተዉት፤ ሌላውን ቀለም ግን አስቀድማችሁ በክንዷ ውስጠኛ ገጽ ላይ በሳንቲም ልክ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ቆዳዋ ካልተቆጣና ካላሳከካት የፈለጋችሁትን አበባ ሣሉላት።

የዓይን ኩልን አንዲት እናት እንኳ ለልጅ እንዳትጠቀም አጥብቄ እለምናለሁ። ከገበያ በጥቅል የሚሸጠው ብዙ ኩል የሚፈጨው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለበት ድንጋይ ነው። ልጅ ዓይኗን ታሻለች፣ ጣቷን ትልሳለች፤ እርሳሱ በሆዷ በኩል ወደ ደሟ ይገባል፤ የአእምሮ ዕድገቷንም ይጎዳል። ለልጅ ደኅና የሚባል የእርሳስ መጠን የለም።

ጥፍር ቀለም ጣቷን ለማትጠባ ልጅ አንድ ቀን ቢቀባ አልቆጣም። መስኮት ተከፍቶ ይቀባ፤ ማጥፊያው አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላልና ቡና ከሚፈላበት ከሰል አጠገብ አይከፈት። ሰው ሠራሽ ጥፍር ግን ይቅር። የጥፍር ሙጫ ጥጥ ልብስ ላይ ሲፈስ በራሱ ይግላል፤ ጭኗ ላይ የተንጠባጠበ ሙጫ በጥጥ ሱሪዋ በኩል ቆዳዋን ያቃጥላታል። ከደረሰም ልብሱን ከቆዳዋ አትግፈፉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበትና ሐኪም ያላቅቀው። ፊት ላይ ነብርና ቢራቢሮ የምትስሉ ደግሞ የግድግዳና የትምህርት ቤት ቀለም አትጠቀሙ። ብልጭልጩም ለወረቀት የተሠራ ከሆነ ዓይን ይፍቃል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ፊኛውን ነው። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አደገኛ ነው። ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ስስ ስለሆነ በመተንፈሻው አፍ ላይ እንደ ክዳን ይለጠፋል፤ በቀላሉም አይወጣም። ስለዚህ ልጆች በአፋቸው አይንፉ፤ በእጅ መንፊያ አዋቂ ይንፋ። ስንት እንደሰቀላችሁ ቁጠሩና ጻፉት። አንዱ ሲፈነዳ ጨዋታው ቆሞ ቁርጥራጩ ይለቀም። ጣራ የሚነካውን ተንሳፋፊ ፊኛ ስትገዙ ውስጡ ሂሊየም ወይስ ሃይድሮጂን እንደሆነ ጠይቁ። ሃይድሮጂን ርካሽ ነው፤ ሻማ ሲነካው ግን እሳት ሆኖ ፊት ላይ ይፈነዳል። ሻጩ መልስ ካጣ አትግዙ። ድምፅ ለማቅጠን ተብሎ ከሲሊንደር ጋዝ መሳብም ይገድላል።

ሻማው ሲለኮስ የሚነፋው ነጭ አረፋ ስፕሬይስ? በብዙዎቹ ውስጥ አረፋውን የሚገፋው ቡቴን ወይም ፕሮፔን፣ ማለትም የምድጃ ጋዝ ነው። የልጁ የቴም ልብስ፣ ለልደቱ በተመረጠው ጭብጥ የተሠራው፣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ሲቃጠል ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። አረፋውን ከሻማ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ለወንዶቹ የምትገዙት ካባም አንገት ላይ በገመድ አይታሰር፤ ሲጎተት በሚላቀቅ ማጣበቂያ ይሁን።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ብርድ ነው፤ በክረምት በር ይዘጋል፣ ቡናው ይፈላል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ይነሣል። ከሰሉ ፍም ሆኗል ማለት ጋዙ አልቋል ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ልጆች ራሳችንን አመመን፣ አቅለሸለሸን፣ እንቅልፍ መጣብን ካሉ ጨዋታ አድክሟቸው ነው አትበሉ፤ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ። ጄኔሬተሩ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ከሰሉም ደጅ ይሁን።

ፈንዲሻና ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ላሉት አይሰጥ፤ ለሌሎቹም ተቀምጠው ይብሉ፣ እየሮጡ አይሆንም። የታነቀ ልጅ ማሳልና መናገር ካቃተው ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ ሥር 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ጭብጣችሁን ከእምብርቱ በላይ አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫኑት። እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ዓመት ያልሞላው ከሆነ ሆዱን አትንኩ፤ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱት፤ ከዚያ ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል በአንድ እጅ መዳፋችሁ ሥር 5 ጊዜ ጫኑት። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ይበልጥ ይወተፋል። ይህን የሚያውቅ አንድ አዋቂ በአዳራሹ ይኑር።

ኬኩ ክሬም ካለው ከማቀዝቀዣ ከወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ቀኑ ጾም ከሆነም የጾም ኬክ አለ፣ ድፎ ዳቦም አለ።

አባቶች ሆይ፣ እናንተም አታምልጡ። ጎረቤት ያሠራውን ዲኮር ለመብለጥ ተበድራችሁ የምትከፍሉት ለማን ነው? ልጁ ከኋላው የተሰቀለውን ጨርቅ አያየውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው ፎቶ የሚነሣው። ቴም ከፈለጋችሁ ጣና ከደጃችሁ ነው። ለስድስት ልጆች ስድስት የብስኩት ካርቶን፣ ቢጫ ወረቀትና ገመድ ይበቃል፤ ጫፉን አሹላችሁ ደንገል ታንኳ አስመስሉት፤ ወለሉ ሐይቅ ይሁን፣ ፍራሹ ደሴት። እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኞቿን የምታወጣ አገር ናት፤ በዱላ ጫፍ ላይ በካልሲ የተሠራ የፈረስ ራስ፣ ከጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ጉትዬ፣ ልጆቹን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ያስጋልባቸዋል። የእንግዳው ቁጥር ከልጁ ዕድሜ በአንድ ወይም በሁለት አይብለጥ። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልቅሶና ጠብ ነው።

ማታ እንግዳ ሲሸኝ የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡና የተረፉትን ፊኛዎች ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ሶፋውን አንሡ፣ ምንጣፉን ግለጡ፣ በባትሪ ፈልጉ። ጠዋት ቀድሞ የሚነሣው የሚድኸው ታናሽ ወንድሟ ነው።