ከመርዶው የቀደመ ፎቶ

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ጎንደር፣ በአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ለታዳሚ የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ በትንሹ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር፤ የውጭም የአገር ውስጥም ካሜራ እዚያው ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ፎቶ ጋዜጠኛ ማንሳቱንስ ያንሳ። እኔን የሚያሳስበኝ ምኑን፣ መቼ እንደሚያወጣው ነው።

መርዶ በእኛ ዘንድ ወግ አለው። ዘመድና ጎረቤት ይማከራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ብዙ ጊዜም ጎሕ ሳይቀድ ይኬዳል። ልቧ የሚደክም እናት ካለች ደግፎ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቀመጣል። የሟች ፎቶ በቴሌግራም ከተለቀቀ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል፤ አዘዞ ያለች እናት ብቻዋን፣ ስልኳን እንደያዘች ትረዳለች። ፊቱን ማደብዘዝም አያድንም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር የዚያን ቀን ልብስ አዲስ ነው፤ ምናልባትም የገዛችለት ራሷ ናት።

«የረሃቡ ዘመን የኮረም ምስልስ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ደርግ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ረሃቡን ሸፋፍኖት ነበር፤ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ቀርጾት በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሳየው ምስል ባይኖር ያ ሁሉ እርዳታ ባልመጣ። (ያ ምስል ስንት ዓመት መታወቂያችን ሆኖ እንደቀረ ሌላ ጉዳይ ነው።) በተደበቀ እልቂት የሰው ፊት ማስረጃ ነው። ጎንደር ላይ ግን ሞቱን የደበቀ አልነበረም። መታየት የነበረበት ርብራቡ ነው፦ ምን ዓይነት እንጨት ነው? በምን ታስሯል? ስንት ሰው ይችላል ተባለ? ማን ፈቀደ? ጠጋ ብሎ የተሰበረውን ምሰሶና ማሰሪያውን ያነሳ ባለሙያ ተጠያቂ እንዲፈለግ ያደርጋል። የሬሳ ፎቶ ላይክ ከመሰብሰብ በቀር ማንንም አይጠይቅም።

ቁስለኛ ሲጫን መንገድ ዘግቶ ለሚያነሳማ ክርክርም አያስፈልግ፤ ካሜራውን አስቀምጦ ቃሬዛውን ያግዝ።

የዜና ክፍሎች ሰበብ የታወቀ ነው፤ «እኛ ብንተወው ሌላው ይለቀዋል»። ይልቀቀው። ፎቶው የትም አይሄድም፤ ቤተሰቡ መርዶውን ሰምቶ ሲረጋጋ ፈቃዱን ጠይቆ ማውጣት ይቻላል። እምቢ ካለ ይቀራል። የርብራቡን ግን እዚያው፣ በዚያችው ሰዓት ያውጡት፤ ለእሱ ማንንም ማስፈቀድ አያሻም።