ንቁዎቹ ይመስገኑልን

ዛሬ ማመስገን አምሮኛል። ነቀፌታ ሰለቸን። ስለዚህ ይህችን ዓምድ በስታሊን ዘመን ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ለኖሩት ንቁ ሰዎች ሰጥቻለሁ። ንቁ ማለት ሌላው ሰው ጭረት ብቻ በሚያይበት ቦታ ሴራ የሚታየው ነው። እኔና እናንተ የሰዋስው መጽሐፍ ስንገልጥ እንቅልፋችን ይመጣል። የእነሱ ይጠፋል።

የንቃታቸውን ልክ ለማየት አህመት ባይቱርሲኑሊን እንውሰድ። የካዛክ ቋንቋ ሊቅ ነው። በ1872 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ገና ልጅ ሳለ አባቱ የአውራጃውን ሹም ደብድቦ ሳይቤሪያ ተጋዘ። ልጁ አድጎ አስተማሪ ሆነ፤ በ1909 የዛሩ መንግሥት እሱንም አሰረው። «እንግዲያማ ዛሩ ያሰረውን አብዮቱ ይሸልመዋላ!» ካላችሁ ንቃት ይቀራችኋል።

ምን አደረገ? በ1912 ገደማ የዓረብኛውን ፊደል ለካዛክ አፍ በልኩ ሰፋው። ለካዛክኛ የማያስፈልጉትን ሆሄያት ጣለ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ምልክት ጨመረ። ስሟ «ዳዬክሼ» ነው። ቃሉ ፊት ትቆምና ቃሉን በሙሉ ታለሰልሰዋለች። ያለ እሷ «ቶር» መረብ ነው፤ የእስር ቤት ፍርግርግም ይሆናል። እሷ ፊቱ ስትቆም ግን ያው «ቶር» ከንፈር ሾል ብሎ፣ ለስለስ ብሎ ይነበባል። ያን ጊዜ ትርጉሙ ድንኳን ውስጥ ለተከበረ እንግዳ የሚለቀቀው ቦታ ነው። በፍርግርግና በክብር ቦታ መካከል ያለችው አንዲት ጭረት ናት። (እኛ «ሹሙ ይበላል» ብለን ስንጽፍ፣ ሹሙ በላተኛ ይሁን ተበይ ፊደላችን አይነግረንም። ይጥበቅ ይላላ፣ አንባቢው ይጨነቅበት።)

ባይቱርሲኑሊ ራሱ ሁለቱንም ቦታ አይቷል። በ1920 አዲሱ መንግሥት የትምህርት ኮሚሳር፣ ማለትም ሚኒስትር፣ አደረገው። በ1929 ወህኒ ከተተው። ንቁዎቹ ያለ ምንም ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገሩት።

በመሃል የባኩ ጉባኤ አለ። በ1926 የቱርኪክ ቋንቋዎች (የካዛክኛ፣ የታታርኛና የዘመዶቻቸው) ሊቃውንት ተሰብስበው ስለ ፊደል ተከራከሩ። የዓረብኛው ይቅርና ላቲን ይምጣ? ባይቱርሲኑሊ የለም፣ ያሻሻልነው ፊደል ይበቃናል ባይ ነበር። ድምፅ ተሰጠ። 101 እጅ ለላቲን ወጣ፣ 7 ተቃወመ። ተሸነፈ ማለት ነው። ደግሞም ማንም ሊቅ አንዳንዴ ይሸነፋል፤ ሻይ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ነው የንቁዎቹ ፍትሐዊነት የሚገርመኝ። የዓረብኛውን ፊደል ደጋፊ ብቻ ቢቀጡ ኖሮ አድልዎ ይባል ነበር። አላደረጉትም። ላቲንን የደገፈው የክራይሚያ ታታሩ በኪር ቾባንዛዴ በጥቅምት 1937 ተረሸነ። የላቲኑን ዘመቻ ከመሩት አንዱ ናዚር ቶሬኩሎቭ፣ ጂዳ ላይ የሶቪየት ተወካይ ሆኖ ዓመታት ያገለገለው ሰውዬ፣ በኅዳር ተከተለ። ሌላው የላቲን ደጋፊ አሌክሳንደር ሳሞይሎቪች ሩሲያዊ ነው፣ የሳይንስ አካዳሚ አባል ነው፣ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም ዳይሬክተር ነበር። እሱ ደግሞ የጃፓን ሰላይ ሆኖ ተገኘ፤ በየካቲት 1938 ተገደለ። ዓረብኛ ያለም ላቲን ያለም እኩል ጥይት ደረሰው። እንዲህ ያለ ሚዛን የት ይገኛል?

በዚያ ላይ ቁጠባቸው! ለሁሉም አንድ ቃል በቃቸው፦ «ፓን-ቱርኪስት»፣ የቱርኪክ ሕዝቦችን ሁሉ አንድ ላድርግ ባይ ማለት ነው። ሁለት ቋንቋ ዘመዳሞች ናቸው ካልክ፣ ልታዋህዳቸው አስበሃል። ልታዋህዳቸው ካሰብክ፣ አገር ልትገነጥል ነው። ልትገነጥል ከሆነ መቼም የሚከፍልህ አለ። ከአንድ የግስ ርባታ ተነስቶ ቶኪዮ መድረስ ቀላል ጉዞ አይደለም። በእኛም አገር «አድኃሪ» እና «ፀረ-አብዮት» የሚሉት ቃላት ስንት በር እንዳንኳኩ የሚያስታውሱ አዛውንት፣ ይህን መንገድ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ለተከሳሹ የሥራ ባልደረቦችም ምስጋና ይድረሳቸው። በየስብሰባው «ይወገዝ!» ሲባል ቀድሞ እጁን ለማውጣት የሚሽቀዳደም ነበር። ትናንት ከሰውየው የተማረው ዛሬ «እኔ ድሮም ጠርጥሬው ነበር» ይላል። ድሮም! ታዲያ ድሮ ለምን እጁን ይጨብጠው ነበር ብላችሁ አትጠይቁ። ንቃት ወደ ኋላም ይሠራል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተዋል። በ1934 የደራሲው የጎርኪ ባለቤት የነበረችው ዬካትሪና ፔሽኮቫ ደክማ ባይቱርሲኑሊን ከግዞት አስፈታችው። ለንቁ ሰው ያሳፍራል። በ1937 ግን ስህተታቸውን አረሙ። እንደገና ያዙት፤ ታኅሣሥ 8 ቀን አልማቲ ላይ ረሸኑት። 65 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ላቲኑም በተራው ተጠረጠረና በ1940 ካዛክኛ በሲሪሊክ፣ በሩሲያው ፊደል፣ ይጻፍ ተባለ። ባይቱርሲኑሊ ጥፋት የለበትም የተባለው በ1988 ነው። 51 ዓመት። እነዚህ ሰዎች በችኮላ አይፈርዱም፤ ነጻ ሲያወጡ ማለቴ ነው።

መጽሐፎቹን ከየመደርደሪያው አወረዱ። ስሙን ከየመማሪያው አወጡ። አንድ ነገር ግን አመለጣቸው። የካዛክኛን የሰዋስው ቃላት ያበጀው እሱ ነው። ስም የሚባለው የቃል ክፍል «ዛት ዬሲም» ነው፤ ቅጽል «ስን ዬሲም»። «ዬሲም» ከዓረብኛው «ኢስም» የመጣ ነው፤ የእኛው «ስም» ዘመድ መሆኑ ነው። የሰውየውን ስም ሲያጠፉ «ስም»ን ረሱት። በሲሪሊክ ተጻፈ፣ በክፍል ውስጥ ቀጠለ። የንቁዎቹም ልጆች ተማሪ ቤት ገቡ። አስተማሪው «ዛት ዬሲም ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እነሱም እጃቸውን አወጡ።