ታንኳን በመስታወት ማሸግ ከእርጥበት አያድንም

ሰላም ወገኖች። ለጣና የደንገል ታንኳ ማሳያ ሣጥን ስለመሥራት ሲነሳ «ዙሪያውን በሲሊኮን ጥርቅም አድርጎ ማሸግ ነው፤ ከዚያ እርጥበት የሚባል አይነካውም» የሚል ሐሳብ በብዙ ሰው ሲደገም አየሁ። በቅንነት የተባለ ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

እርጥበቱ ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ ደንገሉ ራሱ ውስጥ አለ። ዓሣ አጥማጆቻችን ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ዳር ላይ የሚያሰጡት ለምን ሆነና? ላዩ ደርቆ ቢንኮሻኮሽም መሃሉ ውኃ ይዞ ይቆያል። እንዲህ እንዳለ ሲታሸግ፣ ቀን በባሕር ዳር ሙቀት የሚወጣው ተን መሄጃ ያጣል፤ ሌሊት መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። የሣጥኑ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ) ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። ያውም በማሰሪያው እጥፋት ስር ከሆነ ጎብኚ ቀርቶ ጠባቂውም ቶሎ አያየውም።

ጥብቅ ሣጥን መጥፎ ነው አላልኩም፤ ሙዚየሞች ይሠሩበታል። ግን ዕቃው ቀድሞ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ከመደቡ ስር ደግሞ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል (ከጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት የምናገኘው) ታንኳው ሳይነካ በሚሳብ መሳቢያ ይቀመጣል።

ማጣራት ለሚፈልግ፦ የደረቀ የሚመስል የደንገል ቁራጭ ክዳን ባለው ብልቃጥ ከትታችሁ ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ሌሊት ውጭ አሳድሩት። ጠዋት የብልቃጡን ውስጥ በጣት መንካት ነው፤ ከረጠበ ደንገሉ ገና ውኃ ይዟል ማለት ነው። ለሣጥኑ ግን ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ውስጡ አስቀምጦ ለሳምንት ጠዋትና ማታ ቁጥሩን መመዝገብ ይሻላል።