ማመሳሰል መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም

«የድርጅታችን ፋይሎች በጎግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ስለሚቀመጡ ሌላ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አያስፈልገንም» የሚለው አስተያየት እዚህ በተደጋጋሚ ስለተነሣ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። እነዚህ በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎቶች በዋናነት ፋይሎችን ያመሳስላሉ፤ ስለዚህ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የተደረገ ለውጥ፣ ስሕተትም ቢሆን፣ ወዲያው ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። አንድ ሠራተኛ ሳያውቅ የሰረዘው የሒሳብ ሰነድ ከሁሉም ዘንድ ይጠፋል፤ ራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) የቆለፈው ፋይልም እንደ ተራ ለውጥ ተቆጥሮ የደኅናውን ቦታ ይይዛል። እርግጥ ነው፣ የተሰረዘ ፋይል ለጊዜው በመጣያው ውስጥ ይቆያል። ነገር ግን ጎግል ድራይቭ ከ30 ቀናት፣ የድርጅት ዋንድራይቭ ደግሞ በመደበኛ አሠራሩ ከ93 ቀናት በኋላ ጨርሶ ያጠፋዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ብቻ የሚፈለግ ሰነድ መጥፋቱ የሚታወቀው ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፣ በእኔ እምነት ትልቁ አደጋም ይኸው ነው።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ የሙከራ ፋይል ፈጥራችሁ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሰርዙትና በሌላው ላይ ፈልጉት። ከዚያም የአይቲ ድጋፍ የሚሰጣችሁን ባለሙያ፣ ከ6 ወር በፊት የተሰረዘ አንድ ሰነድ መልሶ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁት፤ ማምጣት ካልቻለ፣ ከዋናው አካውንት ተለይቶ የተቀመጠ አስተማማኝ ቅጂ የላችሁም ማለት ነው።